ሳምቡሳና ፈጢራን ከፓይ ወገን ላወጣው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በድሬዳዋ የምግብ ወዳጆች መካከል ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሰነበተ አንድ ጽሑፍ ፓይ ስለሚባለው፣ በሊጥ ተሸፍኖ ስለሚጋገር ምግብ ታሪክና ተወዳጅነት ያትታል። ጸሐፊው ለጉዳዩ እንደ ደከሙበት ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ይሁን እንጂ የደረሱባቸው መደምደሚያዎች አብዛኞቹ ከማስረጃ ጋር የሚጋጩ፣ በተለይም የድሬዳዋንና የሐረርን ምግብ የሚመለከተው ክፍል አንባቢን የሚያሳስት ስለሆነ ምላሽ መስጠት ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ፓይ የእንግሊዞች ፈጠራ ነው፤ አሜሪካ ተሻግሮ በአፕል (በፖም) ፓይ ፍጹም ሆኗል፤ ወደ አገራችን የገባው በሆቴሎችና በኬክ ቤቶች በኩል ነው፤ ሳምቡሳ በዘይት የሚጠበስ፣ ንጽሕናው የማይታወቅ የድሃ መክሰስ ስለሆነ ከፓይ ወገን አይቆጠርም፤ በስሱ ተስቦ የሚታጠፈው ፈጢራም የግብጽ ወታደሮች ሐረርን በያዙባቸው ዓመታት ጥለውት የሄዱት ነው፤ ጣፋጭንና ጨው ቀመስን በአንድ ሊጥ መጠቅለል ጣዕምን ካለመለየት የሚመጣ ነው፤ ስለዚህም የድሬዳዋ ኬክ ቤቶች ሳምቡሳውን ከመደርደሪያ አውርደው «እውነተኛውን» ፓይ ቢጋግሩ ለከተማዋ ክብር ይሆናል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጸሐፊው አንድ ምግብ ፓይ ለመባል ጎድጓዳ መጋገሪያ፣ የሊጥ ክዳንና ምድጃ ያስፈልገዋል ይላሉ። መለኪያው ሳምቡሳን ለማውጣት ታስቦ የተሰፋ ይመስላል፤ ችግሩ ግን ሳምቡሳን ሲያወጣ ጸሐፊው የሚያከብሯቸውን የአውሮፓ ፓዮችም አስከትሎ መውጣቱ ነው። የእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ የሆነችው ኮርንዎል የምትኮራበትና በ2011 በአውሮፓ ኅብረት የቦታ ስም ጥበቃ የተሰጠው ፓስቲ ጎድጓዳ መጋገሪያ አያውቅም፤ ክብ ሊጥ ላይ የተከተፈ የበሬ ሥጋ፣ ድንችና ሽንኩርት ይደረግበትና ለሁለት ታጥፎ ጠርዙ በጣት እየተቆነጠጠ ይዘጋል፤ ይኸው ነው። የእረኛ ፓይ የሚባለው ደግሞ ጭራሽ ሊጥ የለውም፤ በበሰለ የበግ ሥጋ ላይ የሚከደነው የተፈጨ ድንች ነው። መጥበስን በሚመለከትም ጸሐፊው የፍጹምነት ምሳሌ ያደረጉት የአሜሪካ አፕል ፓይ ራሱ ይመሰክርባቸዋል፤ ማክዶናልድስ የተባለው የምግብ ቤቶች ድርጅት በ1968 በመላ አሜሪካ ለገበያ ያቀረበው አፕል ፓይ እስከ 1992 ድረስ በአገሩ የሚሸጠው በዘይት ተጠብሶ ነበር። ሩብ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አሜሪካዊው እንደ ሳምቡሳ የተጠበሰውን እየበላ ፓይ በላሁ ካለ፣ እኛ በየትኛው ሕግ እንከለከላለን?

በእኔ አስተያየት የሚያዋጣው መለኪያ ሥራውን የሚያይ ነው። ብቻውን ቢበስል የሚፈስስ፣ የሚደርቅ ወይም የሚበታተን ምግብ በዱቄት ሊጥ ተጠቅልሎ ወይም በሊጥ መካከል ተደርጎ፣ ሊጡም ውስጡም በአንድ እሳት ተጠናቅቆ አንድ ምግብ ሲሆን ያ የፓይ ቤተሰብ ነው። በዚህ መለኪያ ፓስቲውም፣ ሳምቡሳውም፣ ባቅላባውም፣ እንቁላል የታጠፈበት ፈጢራም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ይህን የምለው ሁሉንም ወደ ራስ ለመሳብ እንዳልሆነ ለማስረዳት አንድ ነገር ልጨምር፦ ሙሸበክ የሚባለው የተጠበሰ ጣፋጭ ሊጥ በረመዳን ወቅት የሐረርና የድሬዳዋ ጌጥ ቢሆንም ውስጡ የሚገባ ነገር ስለሌለው ከዚህ ቤተሰብ አይደለም።

«ከእንግሊዝ በፊት ፓይ አልነበረም» የሚለው የጸሐፊው ቃል በጽሑፉ ውስጥ በቀላሉ የሚፈርሰው ነው። ሮማዊው ካቶ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ160 ገደማ ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ በስሱ የተዳመጡ የሊጥ ገበታዎችን ከበግ አይብና ከማር ጋር እያፈራረቁ መደርደርን፣ ከዚያም ሁሉንም ከሥር በተነጠፈው ሊጥ ጠቅልሎ መጋገርን ያስተምራል። የሚጋገረውም ፍም በተደረገበት የሸክላ ክዳን ሥር ነው፤ ከላይ እሳት ከታች እሳት እያደረግን ድፎ ዳቦ የምንጋግር ሰዎች ይህን አሠራር ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻንም። በአፒኪዩስ ስም የሚታወቀው የሮማውያን የምግብ አሠራር ስብስብም በደረቅ በለስ የተቀቀለ የአሳማ ጭን ማር ተደርጎበት፣ በዱቄትና በዘይት ሊጥ ተሸፍኖ እንዴት እንደሚጋገር ይነግራል። ሥጋው ለእኛ ሰው ባይሆንም ዘዴው የፓይ ዘዴ መሆኑ አያከራክርም።

ለእኛ ጉዳይ የሚቀርበው ግን የባግዳድ ምዕራፍ ነው፤ ጸሐፊው ይህን ምዕራፍ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አለማንሣታቸው የጽሑፋቸው ትልቁ ጉድለት ይመስለኛል። በ10ኛው መቶ ዘመን ኢብን ሰያር አል-ወራቅ የተባለ ሰው በባግዳድ የከሊፋዎቹንና የመኳንንቱን ምግብ አሠራር ሲሰበስብ ሰንቡሰጅ የተባለውን፣ በስስ ሊጥ የተጠቀለለ የሥጋ ምግብ መዝግቧል። ከእርሱም በፊት በ9ኛው መቶ ዘመን ያረፈው ታዋቂው የባግዳድ ሙዚቀኛ ኢስሐቅ አል-መውሲሊ ስለዚሁ ምግብ አሠራር ግጥም ገጥሞለት ነበር፤ ግጥሙን ታሪክ ጸሐፊው አል-መስዑዲ አቆይቶልናል። ሥጋው ከስቡና ከሽንኩርቱ ጋር ይደቅቃል፤ ድምብላል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ዝንጅብልና ቁንዶ በርበሬ ይገባበታል፤ በሊጥ ይጠቀለላል፤ ጥሩ ዘይት ባለበት መጥበሻ ይጠበሳል። በረመዳን ዋዜማ በሐረር ጁገል ውስጥ ወዳለ ማንኛውም ግቢ ቢገባ ከዚህ ብዙ የማይርቅ ሥራ ይገኛል። በ1226 የተጻፈው የአል-ባግዳዲ የምግብ መጽሐፍ ደግሞ ይኸው ሊጥ በሥጋ ፋንታ በጽጌረዳ ውሃ የታሸ ለውዝና ስኳር ሊሞላ እንደሚችል ይናገራል። (እዚህ ላይ ለውዝ የሚባለው የዛፉ ነው፤ የባቢሌው ለውዝ በዚያ ዘመን ገና ከአሜሪካ አህጉር አልወጣም።) እንግዲህ ጣፋጩና ጨው ቀመሱ ከአንድ ሊጥ እንደ ተወለዱ በጽሑፍ የተመሰከረው በእንግሊዝ የሚታወቀው የመጀመሪያ የአፕል ፓይ አሠራር ከመጻፉ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው። የእንግሊዙ አሠራር የሚገኘው በንጉሥ ሪቻርድ 2ኛ ማብሰያ ቤት በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከተጠናቀሩት መመሪያዎች ጋር ሲሆን፣ ፖም፣ ፒር፣ በለስ፣ ዘቢብ፣ ቅመምና ሳፍሮን ሲኖረው ስኳር ግን አልነበረውም።

መንገዱን የሚፈልግ ሰው ኢብን ባጡታን መከተል ይችላል። ይህ የሞሮኮ መንገደኛ በ14ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የሐረር ንግድ በር በሆነችው በዘይላ አልፏል፤ ከተማዋ በዓሣና በሚታረድ ግመል ሽታ ስላስመረረችው ሌሊቱን ባሕሩ እየናወጠውም ቢሆን መርከብ ላይ ማደርን መርጧል። ቆይቶ ደልሂ ሲደርስ በሱልጣን ሙሐመድ ቢን ቱግሉቅ ግብር ላይ የቀረበለትን ሲገልጽ፣ ሥጋው ከለውዝ፣ ከፒስታቺዮ፣ ከሽንኩርትና ከቅመም ጋር ደቅቆ በስስ ቂጣ ተጠቅልሎ በቅቤ የተጠበሰ መሆኑን ይተርካል። በዘይላ ሳምቡሳ በላሁ አላለም፤ እኔም ያላለውን አልጨምርለትም። ነገር ግን አንድ ሰው በአንድ ዕድሜው ዘይላንም ደልሂንም የረገጠበት የንግድ ባሕር ላይ ምግብ ብቻ ሳይሻገር ቀረ ማለት ይከብዳል። ሳምቡሳ ወደዚህ ምድር የገባው በዚህ ባሕር እንጂ በሆቴል በር አይደለም።

የፈጢራው ጉዳይ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የግብጽ ጦር በሙሐመድ ራኡፍ ፓሻ መሪነት ሐረርን የያዘው በ1875 ሲሆን የወጣው በ1885 ነው፤ ግብጽም ተሳስቦ የሚታጠፍ በቅቤ የራሰ ሊጥ ያላት አገር መሆኗ እውነት ነው። ጸሐፊው ከእነዚህ ሁለት እውነቶች ተነሥተው «ስለዚህ ወታደሮቹ አመጡት» ወደሚል ሦስተኛ ይዘልላሉ፤ በመካከሉ ግን ድልድይ የለም። በዘይት እየራሰ የሚሳብ ሊጥ ከግብጽ እስከ የመን፣ ከየመን እስከ ሕንድ የተዘረጋ ጥበብ ነው። እንቁላልና ሥጋ ተደርጎበት በአራት ማዕዘን የሚታጠፈው ሙጠበቅ በየመንና በሒጃዝ የታወቀ ሲሆን፣ በሌላው የባሕር ጫፍ በማሌዥያና በኢንዶኔዥያ ሙርታባክ ወይም ማርታባክ ተብሎ ይበላል። የየመኗ የሐድረመውት ግዛት ነጋዴዎች ወደዚያ እንደ ሄዱ ሁሉ የየመን ነጋዴዎች ወደ ሐረርም ከግብጾቹ በፊትም በኋላም ይመላለሱ ነበር። የዐሥር ዓመት የጦር ሰፈር የብዙ መቶ ዓመታት የንግድ ጎረቤትን እንዴት እንደሚቀድም ጸሐፊው አልነገሩንም።

ድሬዳዋን በሚመለከት ደግሞ ስሌቱ ራሱ አይገጥምም። ግብጾች ሲወጡ ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ከተማ አልነበረችም። ከጅቡቲ በ1897 መዘርጋት የጀመረው የባቡር ሐዲድ እዚህ የደረሰው በ1902 መጨረሻ ሲሆን፣ ከተማዋም በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ትባል ነበር። ከደቻቱ ወንዝ በወዲህ በከዚራ የባቡሩ ሠራተኞች፣ ግሪኮችና አርመኖች፣ ከደቻቱ በወዲያ በመጋላ ደግሞ የመናውያንና ሌሎች ነጋዴዎች ሲሰፍሩባት፣ ዛሬ በየሰፈሩ የምናገኘው ፈጢራ ቤት ሊስፋፋ የሚችልበት ገበያ ተፈጠረ፤ ከባቡር የሚወርድ፣ ቤቱ ሩቅ የሆነ፣ ጠዋት ቶሎ በልቶ ወደ ሥራ የሚሮጥ ሰው ያለበት ገበያ። ፈጢራ የድሬዳዋ ቁርስ የሆነበትን ምክንያት ለሚፈልግ ከጦር ሰፈር ይልቅ የባቡር ጣቢያ ይቀርባል።

አሁን በጽሑፉ ውስጥ በተናጠል ልቆይበት ወደምፈልገው ነጥብ ልምጣ። ጸሐፊው «የእኛ ሰው በምድጃ መጋገርን ስላላወቀ ወደ መጥበስ ሄደ» ይላሉ። ይህ አነጋገር የስብን፣ የሙቀትንና የማገዶን ጠባይ ያላገናዘበ ነው። የሰሜን አውሮፓ የፓይ ቅርፊት ተሰባሪና ድርብርብ የሚሆነው ቀዝቃዛ ስብ በዱቄቱ ውስጥ ሳይቀልጥ እንደ ቅንጣት ተበትኖ ሲቆይ ነው። ስቡ የዱቄቱን ብናኞች ስለሚያለብሳቸው ሊጡ እንደ ዳቦ ሊጥ አይለጠጥም፤ እሳት ሲያገኘው ስቡ ቀልጦ ክፍተት ይተዋል፤ ከሊጡ የሚወጣው እንፋሎት ያንን ክፍተት ይነፋዋል። ቅቤ ደግሞ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይቀልጣል። ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በድሬዳዋ፣ በሚያዝያና በግንቦት ከሰዓት በኋላ ያለው ሙቀት እዚያው ነው፤ ስለዚህ ዱቄትና ቅቤ ለማሸት እጁን የሚያስገባ ሰው ቅንጣቱን ሳያይ ቅባት የጠጣ ጭቃ ያወጣል። የእንግሊዝ ጋጋሪዎች ከቅቤ ጋር ወይም በቅቤ ፋንታ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙበት ስብ ደግሞ የአሳማ ነው፤ እርሱን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አይነካውም። በዚህ ላይ አንድ መካከለኛ ፓይ ለማብሰል ምድጃውን አሙቆ ብዙ ደቂቃ ማቆየት ያስፈልጋል፤ ሳምቡሳ ግን በጋለ ዘይት ውስጥ በጥቂት ደቂቃዎች ይደርሳል። በከሰል ለሚሠራ ሰው ይህ ልዩነት የዕለት ትርፉ ነው።

የሞቃት አገር ባለሙያዎች ታዲያ ስቡ እንዳይቀልጥ ከመታገል ይልቅ ቀድሞ የቀለጠውን፣ ማለትም ዘይትን ወይም የተነጠረ ቅቤን ይዘው ሌላ መንገድ ቀየሱ። ፈጢራ ሠሪው ፉርኖ ዱቄቱን ለስልሶ እስኪሳብ ድረስ አሽቶ፣ በድቡልቡል ቆርጦ፣ ዘይት ቀብቶ ያሳርፈዋል። ሊጡ ካረፈ በኋላ በተቀባ ጠረጴዛ ላይ በመዳፉ እየገፋ፣ አንሥቶም እየመታ ይስበዋል፤ ከሥሩ ያለው ጠረጴዛ እስኪታይ ድረስ ይሳሳል፤ እንቁላሉን መሐሉ ላይ ሰብሮ ጠርዞቹን ያጥፍበታል። ድርቡ የሚመጣው ከማጠፉና በድርቡ መካከል ካለው ዘይት ነው። የሳምቡሳ ሠሪዎቹ ዘዴ ደግሞ ሌላ ነው። በርካታ ክብ ሊጦችን በመሐላቸው ዘይትና ዱቄት እያደረጉ ይደራርቧቸዋል፤ በአንድነት በመዳመጫ ያሳሷቸዋል፤ ምጣድ ላይ ለአፍታ አስነክተው ሞቅ እንዳሉ አንዱን ከአንዱ ይልጧቸዋል፤ ከዚያ በሦስት ማዕዘን እየጠቀለሉ ሞልተው በዱቄትና በውሃ ልቁጥ ያትሟቸዋል። አንድ ሊጥ ለብቻው በመዳመጥ ሊደርስበት የማይችለውን ስስነት በመደራረብ ማግኘት እጅግ ብልህ ሥራ ነው። ይህን የፈጠረውን ሕዝብ መጋገር ያላወቀ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ጸሐፊው አንድ ቀን ማለዳ ከአንድ ፈጢራ ቤት ጠረጴዛ አጠገብ ቢቆሙ ኖሮ ያንን ዓረፍተ ነገር ባልጻፉት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጣፋጭና ጨው ቀመስ መደባለቅን በሚመለከት ጸሐፊው የሚያነውሩት ነገር ራሳቸው የሚያወድሱት የእንግሊዝ ፓይ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረበት ጠባይ ነው። በዚያው በሪቻርድ 2ኛ ዘመን ስብስብ ውስጥ ለዐቢይ ጾም አጋማሽ የሚሆን ፓይ አለ፤ በለስ፣ ዘቢብ፣ ፖምና ፒር ከሳልሞን ወይም ከሌላ ዓሣ ጋር በአንድ ቅርፊት ይገባሉ። ሥጋና ወተት የተከለከለበት ጾም ብልሃት ሲወልድ ማየት ለእኛ አዲስ አይደለም፤ በሥጋ ፋንታ በምስር የሚሞላው ሳምቡሳ የጾም ቀናት ባለውለታ ነው። በገና የሚበላው የእንግሊዞች ሚንስ ፓይም ዛሬ ዘቢብና ቅመም ብቻ ይምሰል እንጂ፣ ጀርቬስ ማርክሃም በ1615 ባሳተመው የቤት አያያዝ መጽሐፍ ውስጥ የሚገኘው አሠራር በበግ ጭን ሥጋ ይጀምርና የኩላሊት ስብ፣ ዘቢብ፣ ፕሪም፣ ቴምርና የብርቱካን ልጣጭ ይከተላሉ። ሥጋው ከጊዜ በኋላ እየቀነሰ ጠፋ፤ ስቡ ግን በብዙ ቤቶች እስከ ዛሬ አለ። በሞሮኮ ደግሞ ፓስቲያ የሚባለው የእርግብ ሥጋ ፓይ በስስ ሊጥ ተሸፍኖ፣ ለውዝ ገብቶበት፣ ላዩ ላይ ስኳርና ቀረፋ ተነስንሶበት ለሰርግና ለክብር እንግዳ ይቀርባል። ጣፋጭን ከጨው ቀመስ ለይቶ ወደ ማዕድ መጨረሻ የማሳደድ ልማድ በአውሮፓ ሥር የሰደደው ከ17ኛው መቶ ዘመን ወዲህ፣ በፈረንሳይ ማብሰያ ቤቶች መሪነት ነው። ስለዚህ በድሬዳዋ እንቁላል የታጠፈበትን ፈጢራ ማር አፍስሶበት የሚበላ ሰው ጣዕም አልጠፋበትም፤ ከጣዕም ታሪክ አብዛኛው ክፍል ጋር የሚስማማው እርሱ ነው። ቃሪያ የጨመረበት ደግሞ ከእኔም ጋር ይስማማል።

የንጽሕናው ክስ ጸሐፊው ከጠረጠሩት በላይ የቆየ ነው። ሊጥ ውስጡን ይሸፍናል፤ የተሸፈነ ነገር ሁሉ ደግሞ በሠሪው ኅሊና ላይ የተጣለ ነው። የለንደን ከተማ አስተዳደር በ1378 ፓይ ሻጮች የሚያስከፍሉትን ዋጋ ወሰነ፤ በ1379 ደግሞ ሻጮቹ ለመብል የማይገባና አንዳንዴም የሸተተ የጥንቸልና የዝይ ሥጋ፣ የሆድ ዕቃ ጭምር በሊጥ ሸፍነው እየሸጡ ሕዝቡን እንዳታለሉ፣ የበሬውንም ሥጋ የአጋዘን ነው እያሉ እንደ ሸጡ ጠቅሶ ይህን በቅጣት ከለከለ። የፓይ ትውልድ አገር የተባለችው ከተማ ይህ ሁሉ ከደረሰባት፣ ክሱ የሳምቡሳ ብቻ ሊሆን አይችልም። በእኛ ከተሞች ያለው መከላከያ ደንበኝነት ነው፤ ሰው የሚገዛት ሴት የምትታወቅ ናት፣ እርሷም የምትሸጥለትን ሰው ታውቃለች። ይህ በቂ ነው ለማለት አልደፍርም፤ የዘይቱ መደጋገም በተለይ ቁጥጥር ይሻል። በዚህ አንድ ነገር ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ።

የድሃ መክሰስ ነው ለሚለው ብዙ ቃል አላጠፋም። በ1454 በሊል ከተማ የቡርጎኝ መስፍን ባደረገው ግብዣ ላይ 28 ሙዚቀኞች የተቀመጡበት ፓይ ቀርቦ ነበር፤ በ1626 ደግሞ የእንግሊዝ ንግሥት ሄንሪየታ ማሪያ ፊት ከቀረበ ፓይ ውስጥ ጄፍሪ ሃድሰን የተባለ ድንክ ልጅ ወጥቶ ቆሟል። ባግዳድም ደልሂም ፓዩን የመዘገቡልን ከከሊፋና ከሱልጣን ማዕድ ነው። ምግቡ ከግብር ቤት ወርዶ ጎዳና ላይ መሸጡ ዋጋው የወረደለት መሆኑን ያሳያል፤ ደረጃው ወረደ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ጸሐፊው የፓይ ተወዳጅነት የማስታወቂያ ውጤት ስለሆነ በፒዛና በበርገር ፊት አይቆምም ብለው ይተነብያሉ። ፒዛና በርገር ወደ ድሬዳዋ ከገቡ ቆይተዋል፤ ሳምቡሳው ግን አልጠፋም። ምክንያቶቹ የሚጨበጡ ናቸው። ጠንካራው ሊጥ በመጀመሪያ ሳህንም፣ ክዳንም፣ ስንቅ መያዣም ሆኖ ያገለግል ነበር። ሐና ግላስ በ1747 የዮርክሻየርን የገና ፓይ አሠራር ስትጽፍ፣ ፓዩ በሣጥን ሆኖ ለስጦታ ወደ ለንደን ስለሚላክ የቅርፊቱ ግድግዳ በደንብ መገንባት አለበት ትላለች፤ አነጋገሯ የግንበኛ ነው። ዛሬ በእኛ ከተማ ፓይ በሣጥን የሚልክ የለም፤ ነገር ግን በቀፊራ ገበያ ቆሞ የሚውል ነጋዴ በአንድ እጁ ገንዘብ እየቆጠረ በሌላው የሚበላው ምግብ ይፈልጋል፤ የኮርንዎል የቆርቆሮ ማዕድን ቆፋሪም የፈለገው ይህንኑ ነበር። ሁለተኛው ምክንያት የሚያጥር ነገርን ማብዛቱ ነው። ሩብ ኪሎ ሥጋ ወጥ ቢሆን ለጥቂት ሰው ነው፤ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር በሳምቡሳ ቢገባ ለማፍጠሪያ የተሰበሰበ ቤተሰብ ሁሉ ይደርሰዋል። ሦስተኛው ጥርስ ላይ ያለው ነገር ነው፤ ከላይ የሚሰባበር፣ ከውስጥ የሚረጥብ ምግብ አንዱ ጣዕም ሳይሰለች ሌላው ይደርሳል። ይህንን ሁሉ ማስታወቂያ አልፈጠረውም።

በመጨረሻ የጸሐፊው ምክር ቀርቷል። በጎድጓዳ መጋገሪያ የሚጋገረው፣ ክዳን ያለው የፍራፍሬ ፓይ በሰሜን አውሮፓና በአሜሪካ የጎለመሰ መሆኑን አልክድም፤ መልካም ምግብም ነው። የድሬዳዋ ኬክ ቤቶች ቢሠሩት ደስ ይለኛል፣ ሳምቡሳውን ግን ከመደርደሪያ የሚያወርድ ምክንያት አላየሁም። ፖም ግን ለምን? ፖም ለዚህ ቆላ እንግዳ ነው፤ በአገራችን የሚታወቀው ጨንቻን በመሰለ ደጋ ሲሆን፣ ከውጭ የሚመጣውም በፍሬ ተቆጥሮ የሚሸጥ ውድ ነገር ነው። በዙሪያችን ማንጎና ዘይቱን (ጓቫ) ሞልቷል። ማንጎ ውሃው ስለሚበዛ አስቀድሞ ከስኳር ጋር በእሳት ካልተመጠጠ የታችኛውን ሊጥ ያረጥበዋል። ዘይቱን ግን በተፈጥሮው ፔክቲን የሚባለው የሚያረጋ ነገር የበዛበት ስለሆነ ከስኳር ጋር ሲፈላ ራሱን ያረጋል፤ ያለ ምንም ማወፈሪያ ቅርፊቱን ሳያበላሽ ይቀመጣል። ላዩ ላይ የባቢሌ ለውዝ ተቆልቶና ተፈርክሶ ሊነሰነስበት ይችላል። ሊጡም በማለዳ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ይታሽ፣ ወይም በቅቤው ፋንታ ዘይት ይግባበትና በፈጢራ ሊጥ ይሠራ። ዘይቱኑ ግን ከመሞላቱ በፊት በወንፊት ይጠለል፤ ፍሬው ጥርስ ይሰብራል።